«ካምቢዮው ሞቷል» ከማለት በፊት

ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ጎራ ያለ ሰው፣ ከአጥሩ ሥር ወይም ከመጋዘኑ ኋላ ጎማዋ ተንፍሶ፣ መስተዋትዋ አቧራ ለብሶ፣ በኮፈንዋ ላይ ቅጠል ረግፎባት የቆመች ባለናፍጣ ፒክ አፕ ሳያይ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ይህች ደግሞ ምን ሆና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ዘበኛውም፣ ሾፌሩም፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም በአንድ አፍ «ካምቢዮዋ ሞቷል» ይሉታል። መቼ ሞተ? ማን መረመረው? በምን ምልክት ታወቀ? እያለ የሚቀጥል ጠያቂ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔም ራሴ ለብዙ ጊዜ ከማይጠይቁት ወገን ነበርሁ።

ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ በእሑድ ጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ያልተለመደ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ይህን ገጽ ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች መካከል አያሌዎቹ ዛሬ ወይም ነገ አንድ የመኪና መጠገኛ ጥያቄ ከጠረጴዛቸው ላይ ይቀርብላቸዋል። በወረቀቱ ላይ «ብልሽት፦ ካምቢዮ። መፍትሔ፦ ይቀየር» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሥሩም የሚፈረምበት ባዶ መሥመር አለ። እኔ የምለው፣ ማንም ሰው በዚያ መሥመር ላይ ስሙን ከማኖሩ በፊት የካምቢዮው መታመም በምን እንደ ተረጋገጠ የመጠየቅ ግዴታ አለበት ነው። ለመጠየቅ ደግሞ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ጥቂት ነገር ማወቅ ይበቃል።

ይህን የተማርሁት አላግባብ በመፈረም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ወረዳ የንብረትና የተሽከርካሪ ጉዳይ በእጄ ነበር። ለጤና ሥራ የተመደበች፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ጭና ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምትወርድ አንዲት አሮጌ ባለናፍጣ ፒክ አፕ ነበረችን፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከግቢው ስትነሣ እጅግ ከበደች። ነዳጅ ቢረግጡላት በስንት መከራ ትንፏቀቃለች እንጂ አትሄድም፤ አንዴ ከፈጠነች በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነች ትጓዛለች። ከመሪው ፊት ያለችው አንዲት ትንሽ መብራትም ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

ሾፌራችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩና ቀስ ብለው «ልጄ፣ መለወጫውን ‹ኤል› ላይ ሳደርገው እኮ ደኅና ትነሣለች። ብረቱ ቢሞት ኖሮ ይህን ባላደረገች ነበር» አሉኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ዲግሪዬን ከያዝሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ነበርሁና «ጋሼ፣ እርስዎ መንዳቱን ይንዱ፤ ምርመራውን ለባለሙያው እንተውለት» አልኋቸው። ዛሬ ይህችን ንግግሬን ሳስባት አፍራለሁ፤ ምርመራው በሙሉ በእርሳቸው አንደበት ተጠናቆ ነበርና።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ባለሙያው አሥር ደቂቃ ያህል ነድቷት ተመለሰና ኮፈንዋን እንኳ ሳይከፍት «አልቋል፤ በሙሉ ይቀየር» አለን። በዚያው ቀን ደብዳቤ አዘጋጅቼ ፈረምሁ። የተጠየቀው ገንዘብ በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ አልነበረምና መኪናይቱ አራት ወር ቆመች። በዚያ አራት ወር ክትባቱ በኪራይ በቅሎና በሰው ትከሻ ተጓዘ፤ ሩቅ ከሆኑት ቀበሌዎች ሁለቱ ጭራሹን ተራቸው አልደረሳቸውም። ይህን ኪሣራ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ እንደሚያስገቡት አላውቅም።

ነገሩ እንዴት እንደ ተፈታ ከመናገሬ በፊት ስለ ራሱ ስለ ካምቢዮው ጥቂት ማስረዳት ያሻል። በእጅ የሚለወጠውን ሁሉም ያውቀዋል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ከጎማው ይለያል፤ ማርሹን ይለውጣል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። አውቶማቲኩ ይህን ሁሉ የሚሠራው በዘይት ነው። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ውኃው መዘውሩን እየገፋ እንደሚያዞረው ሁሉ፣ በሞተሩ የሚዞረው አንደኛው መዘውር ዘይት እየወረወረ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁለተኛውን መዘውር ያዞረዋል። በሁለቱ መካከል ኃይል የሚያሻግረው ዘይቱ ነው። ስለዚህም መኪናይቱ ማርሽ ውስጥ ገብታ ሳለች ሞተሩ ሳይጠፋ ልትቆም ትችላለች። መካኒኮች ኮንቨርተር የሚሉት ይህን ክፍል ነው። ኃይልን በዘይት የማሻገሩን ብልሃት ሄርማን ፈቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ እርሱ ግን ያሰበው ለመርከብ ነበር። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ፣ ሃይድራማቲክ የተባለው፣ በ1939 ዓ.ም. በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ለኦልድስሞቢል መኪናዎች ቀረበ።

ከኮንቨርተሩ ኋላ በዘይት ግፊት እየተጨመቁ የሚይዙና የሚለቁ፣ ሸካራ ልባስ ያላቸው የሳህኖች ክምር አሉ፤ ፍሪሲዮኖቹ እነርሱ ናቸው። የትኛው ክምር መቼ እንደሚጨመቅ በድሮዎቹ ካምቢዮዎች የሚወስነው የዘይቱ ግፊት ራሱ ነበር። በኋላ የመጡት ግን ውሳኔውን ለኮምፒዩተር ሰጥተውታል። ኮምፒዩተሩ የመኪናይቱን ፍጥነትና የነዳጁን አረጋገጥ በሴንሰሮች ያነብባል፤ ከዚያም ሶሌኖይድ የሚባሉትን፣ የዘይት መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ያዝዛል። እንግዲህ ዘይት አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ፣ ብረት አለ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሕመም ሊያሳዩ ይችላሉ። ሳይለዩ በብረቱ ላይ መፍረድ፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ያለ ደም ምርመራ የወባ መድኃኒት እንደ ማዋጥ ነው።

ምርመራው ከዘይቱ መጀመር አለበት። ዘይት ለሞተሩ በይበልጥ ማለስለሻ ነው። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ማለስለሻም፣ ማቀዝቀዣም፣ ኃይል አሻጋሪም፣ ሳህን ጨማቂም እርሱ ነው። ቢጎድል ፓምፑ ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ ይታመቃልና ግፊቱ ይደክማል፤ ግፊቱ ሲደክም ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱም ይቃጠላሉ። የሚገርመው ከልክ በላይ ቢሞላም መጨረሻው ያው መሆኑ ነው። የሚሽከረከሩት ብረቶች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋም አየር ነው። ስለዚህ «ትንሽ ጨምርበት፣ አይጎዳውም» የሚባለውን ምክር ባንሰማው ይሻላል።

በአለካኩ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሞተርን ዘይት የምንለካው ሞተሩን አጥፍተን ነው። የካምቢዮውን ግን በብዙዎቹ መኪናዎች የምንለካው ዘይቱ በጉዞ ከሞቀ በኋላ፣ መኪናይቱ በሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ተይዞ መለወጫው በየቦታው ካለፈ በኋላ «ፒ» ላይ ተመልሶ ነው። በሁሉም ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ለምሳሌ የኩሚንስ ናፍጣ ሞተር በነበራቸው በፈረንጆች የ1990ዎቹ ዶጅ ራም ፒክ አፖች ልኬቱ የሚወሰደው በ«ኤን» ላይ ነበር። አያሌዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ መለኪያ ዘንግ ጭራሽ የላቸውም፤ ዘይቱ በጥገናው መጽሐፍ የተወሰነው ሙቀት ላይ ሲደርስ ከሥር ያለችውን መክፈቻ ፈትቶ ይንጠባጠብ እንደ ሆነ መመልከት ነው። የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ቀዝቃዛውን በሙቁ ምልክት ለክቶ «ጎድሏል» ያለ ሰው ጤነኛውን ካምቢዮ በእጁ ያስታምመዋል።

ከልኬቱ ጋር መልኩንም ማየት ነው። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ይበቃል። አብዛኛው አዲስ የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፤ ከአገልግሎት ብዛት ወደ ቡናማ ቢያደላ በዚያ ብቻ አይፈረድበትም። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተ ግን ሳህኖቹ ተጎድተዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ወተት እንደ ተቀላቀለበት የእንጆሪ ጭማቂ ሮዝ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። የብዙዎቹ ፒክ አፖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረች ቧንቧ እያለፈ ነውና ያች ቧንቧ ስትሰነጠቅ ውኃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ። ውኃው ሸካራውን ልባስ ከሳህኑ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ያላቅቀዋል። እንዲህ የሆነች መኪና ወደ ጋራዥም ቢሆን በራስዋ መነዳት የለባትም። ራዲያተሩን ሳይለውጡ አዲስ ካምቢዮ መግጠምም አዲሱን ለዚያው ሞት ማዘጋጀት ነው፤ ግን ይደረጋል።

እዚህ ላይ ከጋራዥ እስከ ቡና ቤት የሚነገር አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። «የቆየ የካምቢዮ ዘይት አትቀይር፤ ከቀየርኸው ካምቢዮው ይሞታል» ይባላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ውሸታሞች አይደሉም፤ ዘይትዋ ተቀይሮ በሳምንትዋ የቆመች መኪና በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን ያዩት ቅደም ተከተሉን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ብዙ ጊዜ መኪናይቱ ወደ ዘይት ቅያሪ የሄደችው መንሸራተት ስለ ጀመረች ነው፤ ሳህኖችዋ ቀድሞውኑ አልቀው ነበር። ለሞት የደረሰን ሕመምተኛ ሐኪም ቤት አድርሰው «ሐኪሙ ገደለው» እንደሚሉት ማለት ነው። አዲስ ዘይት የተቃጠለ ሳህን አያድንም፤ በጊዜውና በዓይነቱ የተቀየረ ዘይትም ጤነኛ ካምቢዮ አይገድልም። «በዓይነቱ» ያልሁበት ምክንያት አለኝ። የካምቢዮ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው ሊሆን አይችልም፤ መጋዘን ውስጥ የተገኘውን ቀይ ዘይት ሁሉ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው።

ዘይቱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ መለየት ያለበት ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የካምቢዮው የሚለው ነው። ባለናፍጣ መኪና ዳገት አልወጣ ስትል ሰው ሁሉ ካምቢዮውን ይጠረጥራል። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መቁጠሪያ ግን ፊት ለፊቱ ቆሞ እውነቱን ይነግረዋል። ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ ዙር ወደ ላይ እየወጣ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናይቱ ግን ካልፈጠነች ኃይሉ በመካከል እየጠፋ ነው፤ ካምቢዮው ይንሸራተታል። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው አልወጣ ካሉ ግን በመጀመሪያ ሞተሩን መመርመር ይገባል። የናፍጣ ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆናል፤ የአየር ማጣሪያው አቧራ ጠጥቶ ይሆናል፤ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያደርሰው ጎማ ተቀዶ ይሆናል። በማጣሪያ ዋጋና በካምቢዮ ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት ለማወቅ የሒሳብ ሹም መሆን አያሻም።

የአገራችንም ከፍታ በዚህ ነገር የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ቱርቦ ያለውም ቢሆን ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ሲነሣ ይደክማል። መካኒኮች አንድ ፈተና አላቸው፤ መኪናይቱን በፍሬን ጠፍረው፣ «ዲ» ላይ አድርገው፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ በመርገጥ ሞተሩ በስንት ዙር ላይ እንደሚገታ ያያሉ። ዙሩ ከተወሰነው በላይ ከሆነ መንሸራተት አለ፤ ከተወሰነው በታች ከሆነ የሞተር ድካም ወይም የኮንቨርተር ጉዳት ይጠረጠራል። ፈተናው ዘይቱን በቅጽበት የሚያግል ስለ ሆነ ከ5 ሰኮንድ በላይ አይያዝም፤ ከመኪናይቱ ፊትም ሰው መቆም የለበትም፤ ለባለሙያ የሚተው ነው። እኔ የማነሣው በቆላ የተለካን ቁጥር ይዞ አዲስ አበባ ላይ «አነሰ» ብሎ በኮንቨርተሩ ላይ መፍረድ እንደማይገባ ለማሳሰብ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ሕመም በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ነዳጅ በስሱ ተረግጦ ሳለ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። በአስፋልት ላይ እየሄዱ ኮረኮንች ላይ የገቡ ይመስላል። በዚያ ፍጥነት ገደማ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሁለቱን የኮንቨርተር መዘውሮች በአንድ ፍሪሲዮን ይቆልፋቸዋል፤ ያ ቁልፍ ሲንሸራተት መኪናይቱ ትንቀጠቀጣለች። ገላጣ በሆነ መንገድ ላይ ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑን ነካ ቢያደርጉት ቁልፉ ይለቃል፤ መንቀጥቀጡም በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ቁልፉ ያጋድላል። ካልጠፋ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ወይም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ማየት ይሻላል። ቀደም ብዬ በጠቀስኋቸው የዶጅ ፒክ አፖች ላይ ይህ ቁልፍ ያለ ምክንያት እየያዘ እየለቀቀ ያስቸግር ነበር። ብዙ ባለቤቶች ካምቢዮውን ወይም ኮንቨርተሩን ይወቅሱ ነበር፤ አያሌ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሆኖ ተገኘ። በዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ሲበላሹ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ሁከት ኮምፒዩተሩን ያሳስተው ነበር። ካምቢዮውን አውርዶ ዲናሞውን የሚጠረጥር ማን ነው?

ከመሪው ሥር ስላለችው ሶኬትም ላንሣ። በአሜሪካ አገር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሕግ የተደነገገች፣ ዛሬ በብዙ መኪናዎች ላይ ያለች፣ ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ናት። የንባብ መሣሪያ ሲሰካባት ኮምፒዩተሩ ያያቸውን ጥፋቶች በቁጥር ይናገራል። ይህ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ አዲስ ዓይነት ስንፍና አምጥቷል። «ፒ0700» የሚል ሲወጣ «ይኸው፣ ካምቢዮ ይላል» ይባላል። ቁጥሩ ግን የሚለው «የካምቢዮው ኮምፒዩተር አንድ ነገር አይቷል፤ ወደ እርሱ ሄዳችሁ ጠይቁት» ብቻ ነው። «ፒ0750» የሚለውም የመጀመሪያው ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ችግር እንዳለ ያመለክታል እንጂ ሶሌኖይዱ ራሱ ሞተ አይልም፤ ሽቦው ተቆርጦ፣ መሰኪያው ዝጎ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል፤ ፍለጋው የሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ወረዳችን ልመለስ። በአራተኛው ወር አንድ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት የጤና ጣቢያውን ጄነሬተር ሊጠግን መጣ። በምሳ ሰዓት ከግቢው ጥግ የቆመችውን መኪና አይቶ ምን እንደ ሆነች ጠየቀ። የጠየቀው ግን እኔን አልነበረም፤ ሾፌሩን ነበር። ጋሼም ከነዳጁ፣ ከመብራትዋ፣ ከ«ኤል» ታሪክ ጋር ሁሉንም ነገሩት። ልጁ ፈገግ አለ። ብዙ ካምቢዮዎች የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ሲቋረጥባቸው ራሳቸውን ለማዳን በአንድ ትልቅ ማርሽ ላይ ይቆያሉ፤ ስለዚህ መኪናይቱ ሲነሡ ትከብዳለች፣ ከፈጠነች በኋላ ደኅና ትሆናለች። የሞተሩም ዙር አይወጣ፤ የሞተር ድካም ይመስላል፤ ግን አይደለም። የእኛን በመሰሉት አሮጌዎች ደግሞ መለወጫው «ኤል» ላይ ሲደረግ አንደኛው ማርሽ ያለ ኤሌክትሪክ በዘይቱ መንገድ ብቻ ይገባል። በ«ኤል» ደኅና መነሣትዋ እንግዲህ የአንደኛው ማርሽ ብረትና ዘይት ጤነኛ መሆኑን፣ ትእዛዙ ግን አለመድረሱን ይናገር ነበር።

ልጁ የመብራትዋን ብልጭታ እየቆጠረ በወረቀት ጻፈ፤ ከዚያም ከሥርዋ ገባ። ከካምቢዮው ጎን የሚሰካው የሽቦ መሰኪያ ክዳኑ ላልቶ፣ የክረምት ጭቃና ውኃ ገብቶበት አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ አንደኛው ሽቦም በስቶ ወጥቷል። ሶሌኖይዶቹን በኦም መለኪያ ለካቸው። በብዙዎቹ የዚያ ዓይነት ካምቢዮዎች ከ11 እስከ 15 ኦም መሆን አለባቸው፤ ሁሉም በዚያው ውስጥ ናቸው። መሰኪያውን አጠበ፤ ሽቦውን በየደው፤ አሸገው። ከሰዓት በኋላ መኪናይቱ ግቢውን ዞረች። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ጨርቅ አምጥተው መስተዋትዋን መወልወል ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ያለውን ባለሙያ ብቻ ስወቅስ ቆይቼ ነበር። እያደር ግን ጥፋቱ የእኛም መሆኑን ተረዳሁ። የእኛ የክፍያ ወረቀት ለተለወጠ ዕቃ መሥመር አለው፤ ለተገጠመበት ጉልበትም መሥመር አለው፤ ለምርመራ ግን የለውም። አንድ መካኒክ ግማሽ ቀን ከመኪና ሥር ተኝቶ የዛገ መሰኪያ ቢያገኝ የምንከፍለው የሽቦውን ዋጋ ነው። ካምቢዮ ቢለውጥ ግን ዳጎስ ያለ ክፍያ ያገኛል። እንዲህ አድርገን ስናበቃ «ስለምን ሳይመረምሩ ይለውጣሉ?» ብለን እንገረማለን። ለምርመራው ብቻውን ተገቢውን ዋጋ እንክፈል፤ በምላሹም የተጻፈ ውጤት እንጠይቅ፤ ዘይቱ በምን ሁኔታ ተለካ፣ ምን መልክ ነበረው፣ ኮምፒዩተሩ ምን አለ፣ የዘይቱ ግፊት በመለኪያ ስንት ሆነ፣ ከሥር ያለው የዘይት ሳህን ሲወርድ በማግኔቱ ላይ ምን ተገኘ። በማግኔቱ ላይ እንደ አመድ የላመ ጥቂት የብረት ዱቄት የዕድሜ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ያን ጊዜ ካምቢዮው ይውረድ፤ እኔም እፈርማለሁ።

ሾፌሮችም በበኩላቸው መናገር አለባቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ባትሪ ያለቀባትን አውቶማቲክ መኪና ገፍቶ ለማስነሣት መሞከሩን ወይም ሞተርዋ ጠፍቶ የኋላ ጎማዎችዋ መሬት እየነኩ ሩቅ መንገድ መጎተትዋን የሚደብቅ አለ። የካምቢዮውን ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ነውና ሞተሩ ጠፍቶ ስትጎተት በውስጥዋ ያለው ብረት ያለ ዘይት ይሽከረከራል። ጭነት ይዛ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዳ ወደ ደጀን የወጣች መኪናም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለትና ያንኑ ያህል ዳገት አይታለች፤ ዳገቱን በ«ዲ» ብቻ ከሆነ የወጣችው ካምቢዮው በሁለት ማርሾች መካከል ሲዋልል ዘይቱን አግሎት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ለመርማሪው ፍንጭ ነው። ቅጣት እንፈራለን ብለው ዝም የሚሉት ግን ሲናገሩ ስለ ተቀጡ ነው፤ ይህንንም የምናስተካክለው እኛው ነን።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የተማረ ሰው ስለ ካምቢዮ ዘይት ሽታ ምን አገባው?» ይሉኛል። ማሽተቱን መካኒኩ ያሽትተው፤ እኔ የምጠይቀው አሽትቶት እንደ ሆነ ነው።

አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት በጥገና መጠየቂያው ቅጽ ላይ «ብልሽት» ከሚለው ቃል ሥር ለሾፌሩ አራት፣ ለመካኒኩም አራት መሥመር እንዲጨመር ተደርጓል። መጀመሪያ ላይ መሥመሮቹ ባዶ እየሆኑ ይመጡ ነበር፤ እኔም እመልሳቸው ነበር። ባለፈው ሰሞን አንድ ቅጽ ቀረበልኝ። በሾፌሩ እጅ ጽሕፈት «ጠዋት ሲቀዘቅዝ ደኅና ነው። 40 ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይፈጥንም። የኋላ ማርሽ ደኅና ነው» ይላል። ከሥሩ መካኒኩ «ዘይቱ በሙቁ ተለካ፤ ከምልክቱ እጅግ ጎድሏል። መልኩ ቡናማ፣ ሽታ የለውም። የማቀዝቀዣው ቧንቧ ማያያዣ ያንጠባጥባል» ብሎ ጽፏል። ለአንድ ማያያዣና ለዘይቱ ፈረምሁ።